ዲጂታል ቴርሞሜትር በወሎ፦ ለጋኑ፣ ለድስቱና ለምጣዱ የትኛው ይሻላል?

ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 አካባቢ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው አዲስ ቴርሞሜትር ይገዛል፣ ቤቱ ገብቶ ከሚንተከተክ ውሃ ውስጥ ይነክረዋል፣ 92 ሲያይ «የማይረባ ዕቃ ሸጡልኝ» ብሎ ይመልሰዋል። ሻጩም 100 የሚያሳይ ሌላ አውጥቶ ይቀይርለታል። ደህናው ዕቃ ወደ ሱቅ ይመለስና ስምንት ዲግሪ የሚዋሸው ማጀት ይገባል። በዚያ የተለካ ዶሮ 74 ሲል፣ ሥጋው ውስጥ ያለው እውነተኛ ሙቀት 66 ሊሆን ይችላል።

በወሎ ደጋ ለሚኖር ሰው ከማርካውም ከዋጋውም የሚቀድመው ዕቃውን በራሱ ቤት፣ በራሱ ከፍታ መፈተን መቻሉ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የማንንም ማርካ አላሞግስም። መጀመሪያ የምንመዝንበትን ነጥብ አስቀምጣለሁ፣ ቀጥሎ ገበያ ላይ የሚገኙትን ዓይነቶች አንድ በአንድ አያለሁ፣ ከዚያም ለየትኛው ቤት የትኛው እንደሚሆን እናገራለሁ።

እጅ የማይደርስበት ሙቀት

እናቶቻችን እንኩሮው ለጥንስሱ መቀዝቀዙን በእጃቸው ያውቁታል፤ በዚያ በኩል እጃቸው ከብዙ ርካሽ መሣሪያ ይበልጣል። እጅ ከሰውነት ሙቀት ብዙም ያልራቀውን በደንብ ይለያል። ከ50 ዲግሪ በላይ ግን የሚነግረን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያቃጥላል። 62 ይሁን 70፣ 66 ይሁን 74 ሊለየው አይችልም። ቴርሞሜትር የሚያስፈልገው እዚያ ላይ ነው።

ከጠላው ልጀምር። እርሾ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ሙቀት ደህና ይሠራል፤ ከ40 በላይ ይዳከማል፤ 50ን አልፎ ከቆየ ይሞታል። ትኩስ እንኩሮ ጥንስሱ ላይ የተገለበጠበት ጋን «አልፈላም»፣ «ከሸፈ» ሲባል ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የጌሾው ወይም የብቅሉ ሳይሆን የሙቀቱ ነው። ቀሪቦም እንዲሁ ነው፤ የተፈላው የገብስ ውሃ ተጣርቶ ሳይቀዘቅዝ እርሾ ከገባበት በማግሥቱ ጣፋጭ ውሃ ብቻ ይጠብቃችኋል። ለጠጅ የሚበጠበጥ ማር በለብታ ውሃ ይሟሟል፤ ከ40 በላይ ሲሞቅ ግን መዓዛው ይሸሻል።

ቤት ውስጥ ቢራ ለመጥመቅ ለሚሞክር ደግሞ ነገሩ ጠበቅ ይላል። የብቅሉ ስታርች ወደ ስኳር የሚለወጠው በግምት ከ62 እስከ 70 ባለው ሙቀት ነው። ወደ 62 ቀረብ ሲል መጠጡ ደረቅና ጠንከር ያለ ይሆናል፤ ወደ 69 ሲጠጋ ሞላ ያለና ጣፋጭ ይሆናል፤ ከ78 በላይ ሥራውን የሚሠሩት ኢንዛይሞች ይሞታሉ። ሦስት ዲግሪ የሚስት መሣሪያ እዚህ ላይ ሌላ መጠጥ ያስጠምቃል።

በምግብ በኩል የዶሮ ሥጋ መሐሉ 74፣ የተፈጨ ሥጋ 71 ሊደርስ ይገባል። የሐይቅ ዓሣ 63 ይበቃዋል። ወተት ከጀርም ለማንጻት 63 ላይ 30 ደቂቃ ማቆየት፣ አለዚያም 72 ላይ 15 ሰከንድ ማቆየት ነው። በድግስ ጊዜ የሚረሳ ሌላም ቁጥር አለ። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው መሐል የተቀመጠ ምግብ ለጀርም ምቹ ነው። በትልቅ ብረት ድስት የተሠራ ወጥ ክዳኑ ተደፍኖ ሲያድር መሐሉ ለብዙ ሰዓት እዚያው ይቆያል፤ ላዩ የቀዘቀዘ ስለሚመስል ማንም አይጠረጥረውም።

ንጥር ቅቤ ላይ ደግሞ ቴርሞሜትር የሚሰጠውን አገልግሎት ብዙ ሰው አያውቀውም። ቅቤው ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከአካባቢው የመፍያ ነጥብ ብዙም ሳይርቅ ይቆያል፤ ደሴ ላይ 92፣ 93 እያለ ይንተከተካል። ውሃው ሲያልቅ ቁጥሩ በድንገት መውጣት ይጀምራል። 105፣ 110 ሲል ማውረድ ነው። ከ120 ሲያልፍ ሥሩ ያለው አተላ ማረር ይጀምራል።

ከፍታችሁን እወቁ

ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ወደ 300 ሜትር በወጣን ቁጥር አንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ምክንያቱ የአየር ግፊት መቀነሱ ነው። ወሎ ደግሞ ከቆላ እስከ ውርጭ የተዘረጋ አገር ስለሆነ አንዱ ከተማ ላይ የሚሠራው ቁጥር ሌላው ላይ አይሠራም። ቆቦና ባቲ ወደ 1,500 ሜትር ናቸው፤ ውሃ 95 ላይ ይፈላል። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ስለሆነ 94 ገደማ ነው። ወልድያ 2,100 ሜትር አካባቢ፣ 93። ደሴና ላሊበላ 2,500 ገደማ፣ 92 አካባቢ። 3,000 ሜትር ላይ ያለ የደጋ ቀበሌ 90 ላይ ያፈላል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በመኪና ብዙም ሳትሄዱ ሁለት ዲግሪ ትጨምራላችሁ ማለት ነው።

ይህ ከመሣሪያ ፍተሻ አልፎ ከውጭ የመጣ የምግብ አሠራርንም ይነካል። ብዙ የዳቦ አሠራር «መሐሉ 96 ሲደርስ በስሏል» ይላል። ደሴ ላይ የተጋገረ ድፎ እርጥበቱ እስካለ ድረስ 96 ሊደርስ አይችልም፤ እዚያ እስኪደርስ የጠበቀ ሰው ዳቦውን ያደርቀዋል። በእኛ ከፍታ 88 እስከ 90 ሲል ማውጣት ነው። ለስኳር ሽሮፕ የተጻፈ ቁጥር ካለም እንዲሁ ስምንት ዲግሪ ቀንሱበት። የዶሮው 74ና የወተቱ 63 ግን ከፍታ አይለውጣቸውም፤ ጀርሙ የሚሞተው በሙቀቱ ነውና።

የምንመዝንበት ነጥብ

በመጀመሪያ ትክክለኛነት። ማሸጊያው ላይ «ሲደመር ሲቀነስ 1 ዲግሪ» ወይም «0.5» ተብሎ ይጻፋል። ይህን ከነጥብ በኋላ ከሚታየው ቁጥር ጋር አታምታቱት። 66.3 የሚል ዕቃ የግድ እውነቱ 66.3 ነው ማለት አይደለም፤ ሁለት ዲግሪ እየሳተም አሥረኛውን ነጥብ በኩራት ያሳያል። ለጠላ፣ ለቀሪቦና ለምግብ አንድ ዲግሪ ስህተት ይበቃል። ለቢራ ብቅል ግማሽ ዲግሪ ፈልጉ።

ሁለተኛው የሚለካው ክልል ነው። ለመጠጥና ለድስት ከ0 እስከ 120 ይበቃል። ለምጣድ ግን ቢያንስ 300 ያስፈልጋል፤ እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ ፊቱ 200 ዲግሪ አካባቢ ይሞቃልና።

ሦስተኛው ፍጥነት ነው። በእንፋሎት ላይ እጁን ዘርግቶ አሥራ አምስት ሰከንድ የሚጠብቅ ሰው ቁጥሩ ሳይረጋ ያነባል። ለመጠጥ ብዙም ግድ የለም፤ ለሥጋና ለዘይት ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው።

አራተኛው ውሃ መቋቋም። «አይፒ67» የሚል ምልክት ያለው አንድ ሜትር ጥልቀት ውሃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ይቋቋማል። ምልክት የሌለውን ዕቃ ማሳያ ያለበትን ራሱን ከውሃ፣ ከእንፋሎትም ጠብቁት፤ ርካሽ ቴርሞሜትሮችን ከመውደቅ ይልቅ የሚገድላቸው እንፋሎት ነው።

ባትሪውንም ጠይቁ። አንዳንዱ «ኤልአር44» የሚባለውን ትንሽ የሰዓት ባትሪ ይወስዳል፣ አንዳንዱ ሰፋ ያለውን «ሲአር2032»፣ አንዳንዱ የሪሞቱን ቀጭን «ትሪፕል ኤ»። የሪሞት ባትሪ ገጠር ካለ ሱቅም ይገኛል። ሌላው ከተማ መውረድ ይጠይቃል፤ ከምትኖሩበት ቦታ ጋር አገናዝቡት።

የመጨረሻው የማስተካከያ ቁልፍ ነው። በረዶ ውስጥ ነክራችሁ ዜሮ ላይ የምታስተካክሉበት ቁልፍ ያለው ዕቃ፣ ከሌለው ጥቂት ጨምራችሁም ብትገዙት አትጎዱም።

ፍተሻው

ሦስት ቦታ ላይ ይፈተናል። አንደኛው በረዶ ነው። ከፍታ አይነካውም፤ ደሴም ባቲም ዜሮ ዜሮ ነው። በረዶውን በደንብ ፈጭታችሁ ብርጭቆ ሙሉ አድርጉ፣ ንጹሕ ውሃ አፍስሱበት፣ አማስሉት፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቁ። መርፌውን መሐሉ ላይ አቁሙት፤ ታችኛውንም ጎኑንም እንዳይነካ። ከ1 ሲቀነስ እስከ 1 ሲደመር ካሳየ ደህና ነው። ጨው አትጨምሩ፤ ከዜሮ በታች ያወርደዋል። ቤት ፍሪጅ የሌለው ወይም መብራት የጠፋበት ከጁስ ቤት ጥቂት በረዶ መጠየቅ ይችላል።

ሁለተኛው የሚገርም ጥቅም ያለው ነው። ከፋርማሲ የሚገዛው የትኩሳት መለኪያ ለድስት አይሆንም፤ ለፍተሻ ግን ግሩም ነው። ዲጂታሉ የብብት መለኪያ በሰውነት ሙቀት አካባቢ ስህተቱ ሲደመር ሲቀነስ 0.1 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፤ ከማንኛውም የማጀት ዕቃ ይበልጣል። 38 ዲግሪ አካባቢ የሆነ ለብታ ውሃ አዘጋጁና ጫፋቸውን ጎን ለጎን ንከሩ። የትኩሳቱ መለኪያ ያየውን ከፍተኛ ቁጥር ይዞ ስለሚቆይ ውሃው ሳይቀዘቅዝ ቶሎ አንብቡ። 43 ከተጠጋ ውሃ ግን አታግቡት።

ሦስተኛው የፈላ ውሃ ነው፤ የየከተማችሁን ቁጥር ይዛችሁ። ውሃው በደንብ ሲንተከተክ፣ መርፌው የድስቱን ሥር ሳይነካ።

ሦስቱም ላይ በእኩል ልክ የሚስት ዕቃ አይጣልም። ሁልጊዜ አንድ ዲግሪ ተኩል የሚጨምር ከሆነ በፕላስተር ላይ «1.5 ቀንስ» ብላችሁ ጀርባው ላይ ለጥፉ። አብሽሩ፣ በቂ ነው። በረዶ ላይ ልክ ሆኖ ፈላ ላይ አምስት የሚስተውን ግን አትግዙት፤ መሐል ላይ ስንት እንደሚስት አታውቁም።

ፔርሙስ ውስጥ የተፈጨ በረዶና ውሃ ይዛችሁ ገበያ ብትሄዱ ማንም አይከለክላችሁም። ደሴ ፒያሳ ካሉት ሱቆች አንዱ ጋ ቆማችሁ ከአንድ ዓይነት ዕቃ ሦስቱን አውጡና አብራችሁ ንከሩ። ከአንድ ካርቶን የወጡ ሆነው እርስ በርስ የሚለያዩ ከሆነ ያንን ዓይነት ተዉት። ጠጋ ካለው ሻይ ቤት ደግሞ የፈላ ውሃ አይጠፋም። ቁጥሩ 198 አካባቢ ቢል አትደንግጡ፤ በፋራናይት እያነበበ ነው፤ ቁልፉን ተጭናችሁ ወደ ሴልሺየስ መልሱት።

አማራጮቹ

*የትኩሳት መለኪያና የግንባር መለኪያ።* ከ32 እስከ 43 ድረስ ብቻ ያነባሉ። ለመጠጥም ለምግብም አይሆኑም። በኮቪድ ጊዜ የተገዛው የግንባር መለኪያ እቤት ተቀምጦ ከሆነ ለእንኩሮ አትሞክሩት።

*ባለ እስክሪብቶው።* ቀጭን የብረት መርፌ፣ ከላዩ ትንሽ ማሳያ። ብዙ ጊዜ ከ50 ሲቀነስ እስከ 300 ይላል፤ ስህተቱ 1 ዲግሪ፣ የሚረጋው ከ5 እስከ 15 ሰከንድ። ከሁሉም ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ እኔ ግን ለአብዛኛው ቤት የመጀመሪያ ምርጫ የማደርገው እሱን ነው። ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለው «ቴርሚስተር» የሚባል ጠቋሚ ነው፤ ከ0 እስከ 100 ባለው ሙቀት ላይ ርካሹ እንኳ ብዙም አይስትም። ድክመቱ መርፌው አጭር መሆኑ ነው፤ 12 እስከ 15 ሴንቲሜትር ነው፣ ጋን መሐል አይደርስም። ራሱ ፕላስቲክ ስለሆነ እንፋሎት ይገባበታል፣ እሳት አጠገብ ከተረሳ ይቀልጣል። ጠቋሚው ያለው ጫፉ ላይ፣ አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ውስጥ ስለሆነ ቀጭን ሥጋን ከጎን በኩል ውጉት። 300 የሚለውን ቁጥር አምናችሁ ምጣድ ላይ አታስተኙት፤ ለመወጋት እንጂ ፊት ለመዳሰስ አልተሠራም።

*ታጣፊው ፈጣን።* እንደ ሰንጢ የሚታጠፍ መርፌ ያለው ነው፤ ከ2 እስከ 4 ሰከንድ ያነባል፣ ብዙው ውሃ ይቋቋማል፣ የማስተካከያ ቁልፍ ያለውም አለ። ውድ የሆነው «ቴርሞከፕል» በሚባል ሁለት ብረት ተገናኝቶ በሚሠራ ጠቋሚ ስለሚለካ ነው። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት ላርም። ፈጣን ስለሆነ ብቻ ትክክለኛ አይደለም። ተራ የኬ ዓይነት ቴርሞከፕል ሽቦ በራሱ እስከ 2.2 ዲግሪ ሊስት ይችላል። ጥሩ የተስተካከለው ግማሽ ዲግሪ ይሰጣል፤ ያልተስተካከለው ከርካሹ እስክሪብቶ ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ ውድ ስለሆነ ፍተሻውን አትዝለሉ፤ እንዲያውም እሱ ላይ ጠበቅ አድርጉ።

*ባለ ሽቦው ድስት ውስጥ የሚቆይ።* መርፌው ምግቡ ውስጥ ይቀራል፣ ማሳያው ውጭ ይቀመጣል፣ የፈለጋችሁት ሙቀት ላይ ሲደርስ ይጮኻል። ለብቅል፣ ለወተት፣ ለኤሌክትሪክ ምድጃ ጥሩ ነው። ሽቦው ግን ፍም አይችልም። ከላይና ከታች እሳት በሚደረግበት ድፎ ላይ አትጠቀሙበት፤ በመጨረሻ በእስክሪብቶው ወግቶ ማየት ይሻላል። የሚበላሸው ብዙ ጊዜ መርፌውና ሽቦው በሚገናኙበት ነው፤ ውሃ እዚያ ገብቶ ቁጥሩን ያዛባል። ስታጥቡት መርፌውን ብቻ በጨርቅ ጥረጉት። በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚሠራውም እዚሁ ውስጥ ነው፤ ለተጨማሪው ዋጋ የሚመጥን ነገር አላየሁበትም።

*የዓሣ ገንዳ መለኪያ።* ትንሽ ማሳያ፣ ወደ አንድ ሜትር የሚጠጋ ቀጭን ሽቦ፣ ጫፉ ላይ ጠቋሚ። ከ50 ሲቀነስ እስከ 110 ያነባል፣ ስህተቱ አንድ ዲግሪ ነው፣ ዋጋው በጣም ትንሽ ነው። ለዓሣ ገንዳና ለፍሪጅ የተሠራ ቢሆንም ለጋን ከዚህ የተሻለ ርካሽ ነገር የለም። ወሎ ውስጥ ይህ ዋጋ አለው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የደሴ ሌሊት ጥንስሱን ያስተኛዋል፣ ቆቦ ላይ ደግሞ ቀኑ ያጣድፈዋል። ጠቋሚውን መጠጡ ውስጥ አትክተቱት፤ ሽቦው ለምግብ የተሠራ አይደለም። የጋኑ አፍ በጭቃ ከተመረገ በኋላ ጠቋሚውን ከጋኑ ሆድ ጋር በፕላስተር አጣብቁና ከላዩ ወፍራም ጨርቅ ጠቅልሉበት። የምታነቡት ከውስጡ ጥቂት ሊያንስ ይችላል፤ እርሾው በሚሠራበት ጊዜ መሐሉ ከጎኑ ይሞቃልና። ጠዋትና ማታ እያያችሁ ከ18 በታች ሲወርድ ጋቢ አልብሱት፤ ከ28 ሲያልፍ ወደ ቀዝቃዛ ጥግ አዛውሩት።

*በጨረር የሚለካው ሽጉጥ መሳዩ።* ሳይነካ፣ ከርቀት፣ በአንድ ሰከንድ። ክልሉ ብዙ ጊዜ እስከ 380 ወይም 400 ይደርሳል። የሚለካው ግን ፊቱን ብቻ ነው። የወጥ ላዩን ይነግራችኋል፣ መሐሉን አያውቅም፤ እንፋሎት ካለ ደግሞ እንፋሎቱን ያነባል። የሚያብረቀርቅ ብረት ድስት ላይ ጭራሽ ይሳሳታል፤ 90 የሆነውን 40 ሊል ይችላል፤ ምክንያቱም ብሩህ ብረት የራሱን ሙቀት ጥቂት ብቻ ነው የሚረጨው፣ የሌላውን ያንጸባርቃል። የሸክላ ምጣድ ላይ ግን በትክክለኛ ቦታው ነው። ጥቁር ሸክላ ሙቀቱን በደንብ ይረጫል፣ መሣሪያው ከፋብሪካ ሲመጣ የተስተካከለበትም 0.95 የሚባለው የሙቀት መርጨት ልክ ለእሱ ይስማማል። የምጣዱ መሐልና ዳር በስንት እንደሚለያይ፣ የኤሌክትሪኩ ምጣድ የቱ ጋ እንደቀዘቀዘ በቅጽበት ታያላችሁ። ቀዩን ጨረር ሕፃናት ዓይን ላይ አታሳርፉ።

*የኤሌክትሪሻኖች መልቲሜትር።* የቴሌቪዥንና የሬዲዮ ጥገና ቤት ያለው መለኪያ፣ አንዳንዱ ከባለ ኬ ዓይነት ሽቦ ጋር ይሸጣል፤ ሙቀትም ያነባል። ቤታችሁ ካለ ለምጣድና ለምድጃ ይረዳል። ስህተቱ ሦስት ዲግሪ ሊሆን ስለሚችል ለብቅል አይሆንም። ሽቦው በጨርቅ መሳይ ፋይበር የተሸፈነ ስለሆነ ምግብ ውስጥም አይገባም። ማሳያውን ከእሳቱ አርቃችሁ አስቀምጡ፤ የራሱን ሙቀት መነሻ አድርጎ ስለሚያሰላ እሱ ሲሞቅ ቁጥሩ ይዛባል።

በመስታወት ያለውን ባለ ሜርኩሪ መለኪያ በምግብና በመጠጥ አጠገብ ጨርሶ አታድርሱት። ሲሰበር የሚፈሰው መርዝ ነው።

| ዓይነት | ክልል (ዲግሪ) | ስህተት | ፍጥነት | የሚሆንበት | የማይሆንበት | ዋጋ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| የትኩሳት መለኪያ | 32–43 | 0.1 | ቀርፋፋ | ሌላውን ለመፈተን | ለማጀት ሁሉ | ዝቅተኛ |
| ባለ እስክሪብቶ | −50–300 | 1 | 5–15 ሰከንድ | እንኩሮ፣ ወተት፣ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ዳቦ | ምጣድ፣ ጥልቅ ጋን | ዝቅተኛ |
| ታጣፊ ፈጣን | እስከ 300 | 0.5–1 | 2–4 ሰከንድ | ሥጋ፣ ዘይት፣ ብቅል፣ ሆቴል | ለረጅም ክትትል | ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ |
| ባለ ሽቦ ተቀማጭ | እስከ 250 ገደማ | 1 | መካከለኛ | ብቅል፣ ወተት፣ ምድጃ | ፍምና ከሰል | መካከለኛ |
| የዓሣ ገንዳ መለኪያ | −50–110 | 1 | ቀርፋፋ | የጋን ክትትል | ምግብ ውስጥ | በጣም ዝቅተኛ |
| ባለ ጨረር | እስከ 400 | 2 ገደማ | 1 ሰከንድ | የሸክላ ምጣድ | የወጥ መሐል፣ ብሩህ ብረት | መካከለኛ |
| መልቲሜትር ከሽቦ ጋር | እስከ 250 (ሽቦው) | 3 ገደማ | መካከለኛ | ምጣድ፣ ምድጃ | ብቅል፣ ምግብ ውስጥ | ቤት ካለ ነጻ |

ብር ያልጻፍኩት ዋጋው ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ነው። ቅደም ተከተሉ ግን ብዙም አይለወጥም፤ የዓሣ ገንዳው ከሁሉ ታች፣ እስክሪብቶው ቀጥሎ፣ ባለ ሽቦውና ባለ ጨረሩ መሐል፣ ጥሩው ታጣፊ ከላይ።

ለየትኛው ቤት የትኛው?

ለአንድ ቤተሰብ፣ ገንዘቡም ለአንድ ዕቃ ብቻ ከሆነ፣ በበረዶ የተፈተነ እስክሪብቶ። ሌላ አትፈልጉ።

ጠላ፣ ጠጅ ወይም ቀሪቦ እየሸጣችሁ የምትኖሩ ከሆነ እስክሪብቶና ሁለት የዓሣ ገንዳ መለኪያ አንድ ላይ ግዙ። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ታጣፊ ዋጋ አይበልጡም፣ ጥቅማቸው ግን በብዙ ይበልጣል። እስክሪብቶው እንኩሮው ከ30 በታች መውረዱን ያሳያችኋል፤ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ ሁለት ጋን በየጥጉ እንዴት እንደሚያድር ይነግሯችኋል። ቁጥሩን ከመጠጡ ጣዕም ጋር በደብተር ብትይዙ በሁለት ወቅት ውስጥ የቤታችሁን ጠባይ ታውቁታላችሁ።

እንጀራ ጋግራችሁ የምታቀርቡ እህቶች ባለ ጨረሩን ውሰዱ። ሌላው ሁሉ ለእናንተ ሥራ አይሆንም።

ቢራ ለመጥመቅ የምትሞክሩ ግማሽ ዲግሪ የሚል፣ ማስተካከያ ቁልፍ ያለው ታጣፊ፣ ወይም በ38 ላይ ከትኩሳት መለኪያ ጋር የተስማማ ባለ ሽቦ። ብቅሉን አማስላችሁ ሦስት ቦታ ለኩ፤ አንድ ድስት ውስጥ ጥጉና መሐሉ በሁለት በሦስት ዲግሪ ይለያያል። ይህ ልዩነት ከመሣሪያው ስህተት ሊበልጥ ይችላል።

ሆቴልና የድግስ ወጥ ቤት ታጣፊ ሁለት ይግዛ፤ አንዱ ለጥሬ ሥጋ፣ አንዱ ለበሰለ። አንድ ብቻ ካለ በእያንዳንዱ መሐል በሳሙናና በውሃ፣ ቀጥሎም በአልኮል ይጠረግ። ወጡ ከመደፈኑ በፊት በትንንሽ ዕቃ ተከፋፍሎ ከ60 ወደ 5 ቶሎ እንዲወርድ፣ በማግሥቱም ሲሞቅ መሐሉ 74 መድረሱ ይታይ።

አረቄ የምታወጡ ግን አንድ ነገር ለይታችሁ እወቁ። የሚተነውን እንፋሎት ሙቀት መለካት እሳቱን ለመግራት ይረዳል፤ አልኮሉ ከውሃው በዝቅተኛ ሙቀት ይወጣልና። የሚያሳውረውን ሜታኖል በቁጥር ለይቶ ማስወገድ ግን አይቻልም። ለብቻው 64.7 ላይ ቢፈላም፣ ከሌላው አልኮል ጋር ከተደባለቀ በኋላ አብሮት ይወጣል። ቴርሞሜትሩ «ደህና ነው» የሚል ምስክር ሊሆናችሁ አይችልም። ማሳያውንም ከእንፋሎቱና ከእሳቱ አርቁት።

የገዛችሁትን ዕቃ ለረጅም ጊዜ የማትጠቀሙበት ከሆነ ባትሪውን አውጡለት፤ ፈሶ እንዳይበላው። ከወደቀ፣ ባትሪ ከተቀየረለት፣ ወይም አንድ ወቅት ሙሉ ተቀምጦ ከወጣ እንደገና በረዶ ውስጥ ይግባ። ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ሲሄድ ደግሞ የፈላ ውሃውን ቁጥር ብቻ ቀይሩ፤ የበረዶው ዜሮ የትም ያው ነው።